እሪ ሲባል ማን ይደርሳል? የአራዳ ባዕዳንና የመድን ነገር

ባለፈው ሰኔ ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙ እዚህ ባይነሳ የሚመርጥ ልጅ፣ ለሁለት ወር የክረምት ኮርስ ጣሊያን አገር የሚያስኬድ ደብዳቤ ደረሰው። ደስታው ገና ሳይወጣልን የቪዛው ወረቀት ተከተለ። ከወረቀቶቹ አንዷ የመድን ወረቀት ነበረች። ወደ ሼንገን አገሮች ለአጭር ጊዜ የሚገባ እንግዳ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይዞ መቅረብ አለበት ይላል ደንቡ። መድኑም ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ ታሞ ወደ አገር መመለስን ሊሸፍን ይገባል፤ በመጨረሻም፣ ሁላችንም ዝም ያልነው እዚህ ላይ ነው፣ ሰውዬው ቢሞት አስከሬኑን ወደ አገሩ መላክን።

ልጁ ወረቀቱን ለእናቱ እየተረጎመ አነበበላቸው። እኛም ቡና ላይ ነበርን። እናቱ ጀበናውን ሳይለቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ታዲያ ይኼ ዕድር አይደል እንዴ! ለመሆኑ ጥሩምባ ነፊው ማን ነው?» አሉ። ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ከጭንቅላታችን አልወጣ አለ። የኛ ልጅ በሰው አገር ባዕድ ሊሆን ነው። ለሁለት ወርም ቢሆን ባዕድ ባዕድ ነው። በኛስ አገር፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ አራዳና ፒያሳ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዕድ ሆነው የኖሩት አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡ፣ ሲታመሙ ማን ያሳክማቸው ነበር? ቤታቸው ሲቃጠል ማን ይክሳቸው ነበር? ይህን ጥያቄ ይዘን ቤተ መጻሕፍት ገባን፣ የሰፈር ሽማግሌም አስቸገርን። ያገኘነውን እነሆ። (እ.ኤ.አ. ያላልንበት ዓመት ሁሉ በኛው አቆጣጠር ነው።)

ከፒያሳ ወረድ ብሎ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር መኖሩን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ስሙ ከየት መጣ ቢሉ፣ በዚያ ቁልቁለት ቀማኛ የያዘው ሰው እሪ ቢልም የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይላሉ። በአገራችን ልማድ እሪታ የሰማ ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ መውጣት አለበት፤ ሰምቶ የተቀመጠ ይታማል፣ ይጠየቃልም። እሪ ብሎ ሰው ያጣ ሰፈር ታዲያ ስም ሊወጣለት የሚገባ ጉድ ነው። ለኛ የመድን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከባንክ አይደለም። መድን ማለት እሪ ስትል የሚደርስልህን ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት ነውና። ልዩነቱ ማን ይደርሳል፣ በስንት ይደርሳል፣ በየትኛው ቀን አልደርስም ይላል የሚለው ነው።

የያኔው አራዳ ምን ይመስል ነበር? ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትልቁ ገበያ፣ ገበያውን የሚያስተዳድር ነጋድራስ፣ ዙሪያውን ደግሞ የሣር ጎጆና የቆርቆሮ ሱቅ የተቀላቀለበት መንደር። ሕንዶቹ፣ ከነሱም ስሙ የገነነው የመሐመድ አሊ ኩባንያ፣ ጨርቅና ሸቀጥ ያመጣሉ። አርመኑ ወርቅ ይሠራል፣ ጫማ ይሰፋል፣ ቤት ይሠራል። ግሪኩ ዳቦ ይጋግራል፣ መጠጥ ቤት ይከፍታል። ዐረቡ በትንሿ ሱቁ ስኳርና ክብሪት ይቸረችራል። የእነዚህ ሰዎች ሀብት በሙሉ መንገድ ላይ የሚንከራተት ሀብት ነበር። ዕቃው ከማርሴይ ወይም ከቦምቤ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከ1895 ጀምሮ ባቡሩ እስከ ድሬዳዋ ያመጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይጓዛል። ባቡሩ ራሱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

እንግዲህ በየካቲት 1898 የአቢሲኒያ ባንክ ሲከፈት ከባንክ ሥራው ጎን ለጎን ለአንድ የውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ መድን መሸጥ ጀመረ። በአገራችን የዘመናዊ መድን ጅማሬ ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። የተሸጠው ምን ዓይነት መድን ነው? የእሳትና የባሕር። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ጣቃው ከማርሴይ እስከ ጅቡቲ መድን አለው፤ ሱቁም ከእሳት መድን አለው። ጣቃውን የሚሸጠው ሰውዬ በወባ ወይም በተስቦ ቢወድቅስ? እሱ በውሉ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው መድን የደረሰው ለዕቃው ነው።

የቤቱ መድንም ቢሆን ለማንም አይሸጥም ነበር። የእሳት መድን ሰጪ ሥራው መጠየቅ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው ጭቃ? ክዳኑ ሣር ነው ቆርቆሮ? ውስጡ የሚቀመጠው ምንድን ነው፣ ጋዝ ነው ጨርቅ? ሁሉ ጥሩ መልስ ቢያገኝ እንኳ የመጨረሻው ጥያቄ ይቀራል፦ ጎረቤትህ ማን ነው? የአራዳ ጣጣ እዚህ ላይ ነበር። ባለ ድንጋይ ቤቱ ነጋዴ ስንት ደክሞ ቆርቆሮ ቢያለብስ፣ ከአጥሩ ማዶ የሣር ክዳን ሥር እሳት አንድዳ ወጥ የምትሠራ ሴት አለች። ነፋስ ሲነሳ የሁለቱ ዕጣ አንድ ነው። አረቦኑን የሚከፍለው ግን አንዱ ብቻ፣ ካሳውንም የሚቀበለው አንዱ ብቻ። ጎጆዋ የተቃጠለባት ሴት የጎረቤት ሙዳይ ይዞራል እንጂ ከባሕር ማዶ የሚመጣላት ሳንቲም የለም። የእሳት ነገር ደግሞ የድሮ ወሬ ብቻ እንዳይመስለን፤ በ1900 ግድም የተከፈተው አንጋፋው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ ኖሮ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ከፊሉ ሲቃጠል ብዙዎቻችን ጭሱን አይተናል።

በ1915 ግድም አንድ ሙዚንገር የሚባል ኦስትሪያዊ ባሏዝ የተባለው የስዊስ የእሳት መድን ኩባንያ ወኪል ሆኖ በከተማችን ሥራ ጀመረ። የኩባንያውን ታሪክ ስናይ አንድ ነገር ገረመን። እ.ኤ.አ. በ1861 ግላሩስ የምትባል የስዊስ ከተማ በአንድ ሌሊት ነፋስ ነድዳ አመድ ሆነች። ከሁለት ዓመት በኋላ የባዝል ከተማ ሰዎች ከዚያ እሳት ተምረው ኩባንያውን አቋቋሙ። ስድሳ ዓመት አልፎ የዚያች የተራራ ከተማ እሳት ፍርሃቱ አራዳ ድረስ መጣ ማለት ነው። ፍርሃት ወረቀት ላይ ከተጻፈ ሩቅ ይሄዳል።

ወደ ሕመሙ እንመለስ። ያኔ ባዕድ ሲታመም ወዴት ይሄድ ነበር? ሌጋሲዮን ያለው ወደ ሌጋሲዮኑ ሐኪም ይሄዳል። ከዓድዋ በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ድንኳን ዘርግቶ አገሬውንም ባዕዱንም አክሟል፤ የምኒልክ ሆስፒታልም የቆመው በዚያው ሥፍራ ነው። ከጓድሉፕ ደሴት የመጡት ጥቁሩ ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን ነበሩ፤ የኛው ሐኪም ወርቅነህም ነበሩ። ክፍያው ግን በእጅ ነው፤ ያለው ይከፍላል፣ የሌለው ይለምናል። ጀርመን አገር ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 ሠራተኛ ሁሉ ለሕመሙ እንዲያዋጣ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ሕጉ ግን አራዳ አይደርስም። አገሩን የለቀቀ ሰው የአገሩን ደኅና ነገር ሁሉ በጉምሩክ ላይ ጥሎት ነው የሚመጣ።

በ1911 የኅዳር በሽታ ሲገባ ሀብታምና ድሃ፣ ባዕድና አገሬ አልተለየም። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር፤ ሐኪሙም ከበሽተኛው ጋር ተኛ። ከሞቱ ይልቅ አያቶቻችን ሲያወሩት የኖሩት ቀባሪ መጥፋቱን ነው። ዛሬም ኅዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻችንን አጥግበን የምናጨሰው ያን ጊዜ አስታውሰን ነው። ሰው መድኑ ሰው ነው ብሎ የኖረ ሕዝብ፣ ሬሳ የሚያነሳ ጎረቤት እንኳ የሚታጣበት ቀን እንዳለ ያን ወር ተማረ። የአዲስ አበባ ሰው ከዚያ ወዲህ ለቀብሩ በስም ዝርዝርና በወር መዋጮ መደራጀት የወደደው ይህን አይቶ ይሆን? የኛ ግምት ነው፤ የሚከራከረን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

አሁን የባዕዱን ትልቁን መድን እናንሳ። እሱም ባንዲራው ነው። በጥር 1900 የፈረንሳዩ ክሎቡኮቭስኪና ዳግማዊ ምኒልክ በተፈራረሙት ውል፣ የፈረንሳይ ዜጋም ሆነ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያለ ሰው ሲከሰስ ጉዳዩን ያለ ቆንስሉ የኢትዮጵያ ዳኛ ብቻውን አያየውም ተባለ። ሌሎቹም ኃያላን በዚያው ቀዳዳ ገቡ። ልብ በሉ፣ ይህ ፈረንሳዊውን ብቻ አይመለከትም። አገሩ የኦቶማን ግዛት የሆነበት አርመን፣ ሶርያዊ፣ መንግሥቱ ሩቅና ደካማ የሆነበት ግሪክ፣ ሁሉም የሚጠለልበት ባንዲራ ፈላጊ ነበር። ጥበቃ ያገኘ ሰው ቤቱ ቢዘረፍ የሚጮህለት ሚኒስትር አለው። ያላገኘ የቤተ መንግሥቱን ፊት አይቶ ያድራል። በ1916 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ ቤተሰባቸው በቱርክ እልቂት ያለቀባቸው የሙዚቃ ልጆች፣ መድናቸው ያው አልጋ ወራሹ ነበሩ። ሌላ ማን ነበራቸው?

በነገራችን ላይ ይህን የባንዲራ ነገር ዛሬ ስናነበው ደማችን ይፈላል፤ በገዛ አገራችን የገዛ ዳኛችን ባዕድን ብቻውን አይዳኝም መባል ውርደት ነው። ነገር ግን የአራዳውን አርመን ጫማ ሰፊ በእግሩ ገብተን ስናስበው፣ ሰውዬው ያን ወረቀት የፈለገው ሊንቀን ሳይሆን ማታ ተኝቶ ሊያድር ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ጠላት ከተማ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በመካከሉ ያሉት ቀኖች አዲስ አበባ ባለቤት ያጣችባቸው ቀኖች ናቸው። ተኩሱ፣ ዝርፊያው፣ እሳቱ ሁሉ ባንድነት አራዳ ላይ ወረደ። ሱቆቹ ተሰበሩ፣ ተቃጠሉ፤ ገበያው ዙሪያ ያለው የባዕዳኑ ሀብት የዕድሜ ልክ ልፋቱ በሦስት ቀን ነደደ። እንግዲህ ያ ሁሉ የእሳት መድን ለዚህ ቀን አልነበረም? እዚህ ላይ የመድን ወረቀት ጀርባውን ማንበብ ይገባል። የእሳት መድን ውሎች ከጥንት ልማዳቸው እሳቱ የመጣው በጦርነት፣ በወረራ፣ በሕዝብ ሁከት ወይም በዓመፅ ከሆነ አንከፍልም ይላሉ፤ ለዚያ ለብቻው ተጨማሪ ካልተከፈለ በቀር። ምክንያታቸው ከሒሳብ አንጻር ትክክል ነው። መድን የሚሠራው ከመቶ ቤት አንዱ ሲቃጠል ነው፤ የዘጠና ዘጠኙ አረቦን የአንዱን ቤት ይሠራል። መቶውም ባንድ ቀን ከተቃጠለ ማን ለማን ይከፍላል? ሒሳቡ ትክክል ይሁን እንጂ ሰው መድን የሚገባው የሚፈራውን ቀን አስቦ ነው፤ የአራዳ ሰው ደግሞ የሚፈራው ያንኑ ቀን ነበር።

በዚያ ቀን የደረሰው ባንዲራው ነው። የእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሩን ከፍቶ ከሺህ በላይ ስደተኛ ከየአገሩ ተቀበለ፤ የሕንድ ወታደሮች በሩን ጠበቁ። የፈረንሳዩም እንዲሁ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ሱቁን ትቶ ነፍሱን ይዞ ገባ። አገሬውስ? በዚያች ከተማ ሌጋሲዮን ያልነበረው የአገሩ ሰው ብቻ ነበር። ዘጠኝ ወር ገደማ ቆይቶ ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዞቹ ሰዉን በጎጆው ላይ እሳት እየለቀቁ ፈጁት፤ የጊዮርጊስም ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። ለነዚያ ጎጆዎች እሪ የተባለው እንደ ሰፈሩ ስም በከንቱ ነበር።

ጣሊያን አራዳን ለነጭ ብሎ ከልሎ ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ገፋው። ፒያሳ የሚለው ስምም የቀረን ከዚያ ነው። ወረራው አልፎ አገሩ ሲረጋጋ የመድን ንግድ እንደገና ደራ። በ1943 የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ተቋቋመ። በ1946 ሲቆጠር በአገሪቱ ዘጠኝ ኩባንያዎች ተገኙ፤ ከኢምፔሪያል በቀር ሁሉም የውጭ ኩባንያ ቅርንጫፍና ወኪል ነበሩ። በ1952 ቁጥሩ 33 ደረሰ። ያው 1952 የንግድ ሕጉ የወጣበት ዓመት ነው፤ የመድን ውልም በሕግ ቋንቋ በአማርኛ ተጻፈ። በ1963 የወጣው የመድን አዋጅ ደግሞ የኩባንያዎቹ ባለቤትነት ወደ ኢትዮጵያውያን እንዲያዘነብል አደረገ። ይህን ክፍል ቶሎ የምናልፈው የቁጥር ነገር ስለበዛበት ነው።

1967 ግን እንዲሁ አይታለፍም። ታኅሣሥ 23 ቀን 13ቱ የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በዓመቱም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቸኛው መድን ሰጪ ሆነ። በዚያው 1967 ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት ተወረሰ። ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ በታኅሣሥ መድን ሰጪው ተወረሰ፣ በሐምሌ መድን የተገባለት ቤት። ቤቱ አልተቃጠለም፣ አልፈረሰም፣ ጡብ አልጎደለበትም፤ ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ። በመድን ወረቀት ጀርባ መንግሥት የወረሰው አይከፈልም የሚል አንቀጽ አይጠፋም። ለሰፊው ሕዝብ ያ አዋጅ ኪራይ ያቀለለ ታላቅ ቀን ነበረ፤ እናቶቻችን ዛሬም ያመሰግኑታል። ፒያሳ ላይ ሁለት ሦስት ቤት አከራይቶ ለእርጅናው ያስቀመጠው አርመንና ግሪክ ግን ጡረታውንም የጤና መድኑንም ያጣው ያን ጊዜ ነው፤ እነዚያ ቤቶች ለሱ ቤት ብቻ አልነበሩምና። ብዙው ሄደ። የቀሩት ጥቂቶች ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን፣ ክበባቸውን፣ ጉለሌ ያለውን መቃብራቸውን ይዘው ቆዩ። ኮሚኒቲ ይሉታል። የታመመውን ይጠይቃል፣ የደኸየውን ይደጉማል፣ የሞተውን ይቀብራል። እኛ ደግሞ ሌላ ስም እናውቅለታለን።

ዕድርን የሚያነሳ ሁሉ የጉራጌን ሰው ማንሳት አለበት። ወደ አራዳ ሸክም ሊሸከም፣ ሊነግድ የመጣው የጉራጌ ልጅ ፓስፖርት አያስፈልገው እንጂ በከተማው ባዕድ ነበር፤ ቋንቋው ሌላ፣ ዘመዱ ሩቅ፣ ቢሞት እናቱ የምትሰማው ከወር በኋላ። ዕድር በዚህ ከተማ የበቀለው በነዚህ ስደተኞች መካከል ነው ብለው የሚጽፉ ታሪክ አዋቂዎች አሉ፤ ብዙውም ሰው በጣሊያን ጊዜና ከዚያ ወዲህ እንደተስፋፋ ይስማማበታል። ሐረር ላይ አፎቻ የሚባል የራሱ ወንድም አለው። እንግዲህ ሁለቱ ባዕዳን፣ ባለ ባንዲራውና ባለ ሸክሙ፣ ባንድ አራዳ ጎን ለጎን ኖረው፣ አንዱ ከባዝል ወረቀት ገዛ፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ሳንቲም አዋጣ።

አሠራሩን ለናንተ መንገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ከመድን ጋር ስናስተያየው የሚገርም ነገር አለው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዝገብ አለው። የወር መዋጮው አረቦን ነው። ካሳው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ድንኳን ነው፣ ወንበር ነው፣ ድስትና ትሪ ነው፣ ሦስት ቀን የሚያድር ሰው ነው። የቀረ ይቀጣል። መድን ድርጅት ካሳ ከፍሎ ይሄዳል፤ ዕድር መጥቶ ይቀመጣል። ግን ዕድርም ጀርባ አለው፣ እናወድሰው ብለን አንዋሽ። ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል። ክፉ ስም የወጣለት አይገባም። አብዛኛው ለሞት ይደርሳል እንጂ ለሕመም አይደርስም፤ ሆስፒታል ተኝቶ ለመድኃኒት የሚለምን ሰው በማግስቱ ሲሞት ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል። ይህን ያየን ሰዎች ነን።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖረው የውጭ ሰው፣ የኤምባሲውም የእርዳታ ድርጅቱም፣ ከታመመ በአውሮፕላን ናይሮቢ ወይም አገሩ የሚያደርስ የጤና መድን አለው። የቤት ዕቃውም መድን አለው። ሆኖም በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ሲቃረብ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው ቶሎ እንዲወጡ ሲወተውቱ፣ ሰው ያደመጠው ኤምባሲውን ነው። ጦርነት ከዛሬውም ወረቀት ጀርባ የሚጻፍ ቃል ነው። የኛ ወገን ደግሞ በባሕር ማዶ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቤይሩት፣ አንድ ሰው ሲሞት የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ስልክ ይደዋወላል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ ሬሳ ወደ አገር ይልካል። መድን የገባም ያልገባም ያዋጣል።

ወደ ጓደኛችን እናት እንመለስና እንጨርስ። ሴትዮዋ አርባ ዓመት የኖሩት ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የእንጨት ሰገነት ባለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱን ያሠራው አንድ ግሪክ ነው ይባል ነበር። ግሪኩ ምናልባት የእሳት መድን ገብቶለት ይሆናል፤ አይቃጠል እንጂ። በ1967 ተወረሰ፤ የቀበሌ ቤት ሆነ። እናቱ ተከራይ እንጂ ባለቤት ስላልነበሩ ለቤቱ መድን ልግባ ቢሉም የሚሸጥላቸው አልነበረም። በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም ሄደ፣ የሳቸውም ቤት ሄደ። ምትክ ቤት ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሳቸው። ውሃው ደኅና ነው፣ መጸዳጃው የግል ነው፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የዕድሩ አባላት ግን አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በደቡብ ተበተነ። ድንኳኑና ድስቱ አንድ ዘመድ ግቢ በአደራ ተቀምጧል። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ሰቅሎ በስልክ ይደውላል፤ ከአራተኛ ፎቅ ጥሩምባ ማን ይሰማል? በአዲሱ ሰፈር ሌላ ዕድር አለ፤ መግቢያው ብዙ ነው፣ እሳቸውም ሰው ገና አልለመዱም። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው የድሮውን ይከፍላሉ። የታክሲው ዋጋ ከመዋጮው ይበልጣል። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ሃያ ዓመት ሰው ስቀብር ኖሬ አሁን ልቅር?» አሉን።

ጓደኛችን በመጨረሻ የመድን ወረቀቱን ገዛ። ቅጹን ስንሞላ አንድ ሣጥን አስቸገረችን፦ አደጋ ቢደርስ የሚነገረው ሰው ስምና ስልክ። የእናቱን ስም ጻፈ። ስልክ ላይ ሲደርስ እናቱ ከጓዳ ሰምተው መጡና ብዕሩን አስቆሙት።

«የኔን አትጻፍ። እኔ ብቻዬን ሰምቼ ምን ላደርግ ነው? የዕድሩን ዳኛ ስልክ ጻፍ።»

ጻፈ።